ዘፈን ልሰማ ሄጄ

ቀኑን ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ግንቦት መግባቱን አውቃለሁ፣ ክረምቱ አለመጀመሩንም አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተደበላልቆብኛል። ለምን እንደተደበላለቀብኝ ስታነቡት ይገባችኋል። የሳምንቱ ቀኖች ግን ከማክሰኞ እስከ ሰኞ አንድ በአንድ ጭንቅላቴ ላይ ተቸንክረዋል፤ እነሱን እየተከተልኩ እጽፋለሁ።

እኔ ሽፈራው የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ወፍጮ ቤት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ነው፣ ከዚያ አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። የምጽፈውም ወደዚያ ሀገር ለማትሄዱ፣ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ «እንዴት ነበር?» ለምትሉኝ ጎረቤቶቼ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አየለ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ፍሬሕይወት። ፍሬ እንላታለን። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች ያሳደጋት እሱ ነው። ድምፅ የሰጣት ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ገብታ ስትዘፍን ቆየች። ሀገሮች አንድ አንድ ዘፋኝ እየላኩ በቴሌቪዥን የሚወዳደሩበት ትልቅ ውድድር አለ፤ ዓለም ቤቱ ቁጭ ብሎ እያየ በስልኩ ድምፅ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ስትገባበት የመጀመሪያዋ ነው ተባለና ፍሬ ተመረጠች። ውድድሩ የሚደረገው ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ አንድ ዘመድ ጋብዘው አዳራሹ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የአባት ወንበር ነበር፤ ግን አየለን ልቡን ያመው ስለነበር ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከለው።

«አንተ ሂድልኝ» አለኝ። «በዓይኔ እይልኝ፣ በጆሮዬ ስማልኝ። መጥተህ ሁሉን ትነግረኛለህ፤ ምን እንደበላህ ሳይቀር።»

ስለዚህ ገና ከደብረ ብርሃን ስነሳ ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ ለእሱ ሳስቀምጥ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት ዶሮዋ አምልጣት ሹፌሩ ትከሻ ላይ ማረፏን አስቀመጥኩለት። አውሮፕላኑ ውስጥ የሰጡኝን ምግብ አስቀመጥኩለት፤ ድንች የሚመስል ድንች ያልሆነ ነገር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ጉልበቴ ላይ ራሱን ጥሎ ማደሩን፣ ሲነቃም «ይቅርታ አባባ» ከማለት ይልቅ እጄን መሳሙን አስቀመጥኩለት።

ማክሰኞ ጠዋት ደረስኩ። ሻንጣ የሚፈትሸው ሰው የበሶ ዱቄቴን ከፍቶ አሸተተ፣ ባልደረባውን ጠርቶ አሸተተ፣ ተያዩና መለሱልኝ። በር ላይ የሟች ባለቤቴ የአክስት ልጅ ደምሴ ይጠብቀኛል። ደምሴ በደርግ ጊዜ የወጣ፣ ሂሳብ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የገባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የሀገራችን ሰዎች የእድራቸው ሊቀመንበር ያደረጉት ሰው ነው። ገና ሳንሳሳም ከውድድሩ የተላከ፣ ካሜራ የተሸከመ ፈረንጅ ወጣት መሀላችን ገባ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ እንደገና ይውጡልን ይላል» አለኝ ደምሴ።

«ከየት?»

«ከበሩ። ሲወጡ አልደረሰብዎትም።»

ተመልሼ ገባሁና ወጣሁ። አሁንም ፀሐይ መጣችብኝ አለ፤ ወጣሁ። በሦስተኛው «ደስ እንዳለዎት ይሁኑ» አለ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፤ በሁለተኛው ነው የጠፋው። በእኛ ሀገር እንግዳ በአንድ በር አንዴ ነው የሚገባው።

ረቡዕ የሆነው ጥፋት የእኔ ነው። ደምሴና ባለቤቱ አልማዝ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። እንቅልፌ ከዶሮ ጋር ነውና ማለዳ ተነሳሁ፤ ሰው ሳልቀሰቅስ ያመጣሁትን ገብስ ቆሎ ልቁላ ብዬ ምድጃው ላይ ጣድኩ። ትንሽ ጭስ ወጣ። ከጣሪያው ላይ አንድ ነገር ጮኸ፤ ጩኸቱ ጩኸት ጠራና ሕንፃው በሙሉ ጮኸ። ሰው በሌሊት ልብሱ፣ ሕፃን የታቀፈው ሕፃኑን፣ ድመት ያለው ድመቱን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደ። በእኛ ሰፈር ቆሎ ሲቆላ ጎረቤት ይመጣል፤ እዚያም መጣ፣ ከነእሳት አደጋ መኪናው።

በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አንዲት ጠይም ወፍራም ሴት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጥታ ካፖርቷን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ከደምሴ ቤት በግድግዳ የምትዋሰን ናት፤ ሀገሯ ኤል ሳልቫዶር ነው አለችኝ አልማዝ። በእጇ የመቁላት ምልክት እያሳየች ሳቀችብኝ። ስንመለስ ግማሹን ቆሎ ሰጠኋት። አሮ ነበር፤ ቢሆንም በላችው።

ያን ቀን ማታ ደምሴ ስልክ ተደወለለትና ወደ በረንዳው ወጥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቷል። «ሥራ ነው» አለኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው ብዬ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ አሌክሳንድሪያ ወሰደኝ። ቤልትዌይ የሚሉት ከተማውን የሚዞር አውራ ጎዳና አለ፤ መኪናው ከመብዛቱ የተነሳ እንደ ወፍጮ እህል በአንድ አፍ ይፈሳል። ትልቅ ወንዝ በድልድይ ይሻገራሉ። እኛ ጋ ወንዝ የሚያስፈራው ሲሞላ ነው፤ እዚያ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ የሚፈራውም የለም። ደምሴ መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከፈተ፣ ዘጋ።

አዳራሹ ገባን። ፍሬን ሩቅ መድረክ ላይ ስትለማመድ አየኋት። ዘፈኑ ስለ ደብረ ብርሃን ማለዳ ነው፤ ውርጭ፣ ገብስ ማሳ፣ ሲነጋ ስሟን እየጠራ የሚቀሰቅሳት አባት። ራሷ ናት የጻፈችው። ድምፅዋ ሲወጣ ፀጉሬ ቆመ። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ግን አሸዋና ግመል ያሳያል። ግመሎች በረድፍ፣ ፀሐይ እንደ እሳት!

«ደምሴ፣ ይህ ምንድነው?»

«አፍሪካን ማሳየታቸው ነው መሰለኝ።»

«ውርጭ እያለች ነው እኮ! ደብረ ብርሃን ግመል አይተህ ታውቃለህ?»

«ጋሽ ሽፈራው፣ ቀስ ይበሉ።»

ደግሞ ያ ካሜራ ያዡ መጥቶ በደምሴ አስተርጓሚነት «ቤታችሁ መብራት አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ወፍጮዬ በምን የሚዞር መስሎት ነው? በጸሎት?

ከልምምዱ በኋላ ፍሬ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። «ትልቁ አባዬ!» ትለኛለች፣ የአባቷ ታላቅ ስለሆንኩ። ወደ ኋላ ክፍል ይዛኝ ገባች፤ እዚያ አንዲት ሐበሻ ሹሩባ ትሠራላታለች። ጠና ያለች፣ ጣቶቿ ረጃጅም፣ አፏ ተጫዋች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ለውድድሩ ቀጥረዋታል፣ ቋንቋችንንም ስለምታውቅ መሀል ሆና ታስተረጉማለች። ቆሜ ስታየኝ ወንበሯን ለቀቀችልኝና ራሷ ቆማ ሠራች፤ ምሳዋንም አወጣች፤ በላስቲክ ዕቃ ያለ ሽሮ። «ይብሉ አባባ፣ የእነሱን ሳንድዊች አይመኑ፣ መልክ እንጂ ጨው የለውም» አለችኝ። እየሳቅኩ በላሁ። ይህንንም ለአየለ አስቀመጥኩት።

«አባዬን አገኙት?» አለችኝ ፍሬ፣ ራሷን ሳታነቃንቅ። «ስልካችንን ሰብስበው ወሰዱብን፤ ወሬ እንዳይረብሻችሁ ብለው። ትናንት ነው የወሰዱት።»

«ማክሰኞ አውርተናል። ድምፁ ደህና ነው» አልኳት። እውነት ነበር፤ ማክሰኞ ድምፁ ደህና ነበር።

ደምሴ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ዓርብ ጠዋት አልማዝ ጨጨብሳ በማርና በቅቤ ሠርታ ሰሐኑን አስታቀፈችኝ። በቃኝ ስል አጎረሰችኝ፤ በቃኝ ስል ደምሴ አጎረሰኝ። ስልኬን «ቻርጅ ላድርግልዎት» ብሎ ወሰደ፤ አልመለሰውም። ረፋድ ላይ ሦስት ሴቶች መጡ፣ የሀገር ሰው ልናይ ብለው። አንደኛዋ አንገቴን አቅፋ ከሚገባው በላይ ቆየች። ከዚያ ተቀምጠው ስለ አየር ጠባይ አወሩ። ስለ ፓርኪንግ አወሩ። ስለ ቲማቲም አወሩ። ከሀገር ቤት ሰው መጥቶ ፊቱ ተቀምጠው «ሀገር ቤት እንዴት ነው?» የማይሉ ሐበሾች አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እስቲ ወደ አየለ ደውልልኝ» አልኩት ደምሴን።

«አሁን ተኝቷል አሉ» አለኝ።

ሰፈራችን ውስጥ መርዶ ሲመጣ የምጠራው እኔ መሆኔን ታውቃላችሁ። ሥርዓቱን አስተምሩኝ ሳልል ነው ሽማግሌ ያደረጋችሁኝ። ሰውየውን አስቀድመን እናበላዋለን፤ ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም። ስልኩን እንሰውራለን። የሟቹን ስም አንጠራም። ከዚያ ማለዳ ዘመድ ይሰበሰብና ቁጭ አድርጎ፣ በሚያውቀው ሰው አፍ ያረዳዋል። ጨጨብሳው፣ ስልኩ፣ ቲማቲሙ... የራሴን ዘዴ በራሴ ላይ አየሁት።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። አየለን ያዘልኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው ላይ ሙቅና ቀዝቃዛ ያለው ነገር አለ፤ የቱን እንደከፈትኩ አላውቅም፣ እጄ ሲቃጠል ነው ያወቅኩት።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። አልተቀየምኳቸውም። እስከ እሁድ የሚደብቁት ልጅቷ ቅዳሜ እንድትዘፍን መሆኑ ገብቶኛል፤ እኔም ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር። እነሱ እንዳልሞተ ሆኑ፣ እኔም እንዳላወቅኩ ሆንኩ፣ አብረን ምሳ በላን። ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ምን እንደበላህ ሳይቀር ብሎኝ ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳና ሹሩባ ሠሪዋ፣ ቤቱን በእድሩ ሰዎች አጠያይቃ፣ ገባች። እኔን አየት አድርጋ፣ ሰላም ሳትለኝ፣ አልማዝን ጎትታ ወጥ ቤት ገባች። ሹክሹክታ፣ ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። ተከትዬ ገባሁ።

«ወንድሜ መሞቱን አውቄያለሁ» አልኳቸው። «ሌላ የምትደብቁት ካለ እሱን ንገሩኝ።»

አልማዝ አፏን ያዘች። ደምሴ ከኋላዬ መጥቶ «ጋሽ ሽፈራው...» ብሎ ቀረ። ሹሩባ ሠሪዋ ዓይኗን ጠረገች።

«እግዜር ያጽናዎት አባባ። ዛሬ ሜካፕ ክፍል የፕሮግራሙ አለቃ መጣች። ‹ነገ ኢትዮጵያዊቷን ውሃ የማያስለቅቀውን ኩል ቀቧት፣ በጣም ታለቅሳለች› አለች። ለምን ስላት ‹አባቷ ሞቷል፣ አታውቅም። ዘፍና ስትጨርስ የአባቷን ፎቶ በትልቁ እናወጣና መድረኩ ላይ እንነግራታለን። ዓለም አብሯት ያለቅሳል› አለችኝ። ፈገግ ብላ እኮ ነው! ጥሩ ነገር የምታደርግ መስሏት።»

ደምሴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ የነገርኳት» አለ። «ረቡዕ ማታ ኮል አደረግኩላት። ወሬው በሌላ እንዳይደርሳት ጠብቁልን፣ እሁድ ማለዳ እኛ እናረዳታለን ብዬ። ‹ቶታሊ ይገባናል› አለችኝ። ስልካቸውን የሰበሰበችው በእኔ ቃል ነው።»

ሰውየው ያን ያህል ዓመት እዚያ ሀገር ኖሮ ይህን ስህተት ሠራ። ግን ማን ይፈርድበታል? በእኛ ዘንድ መርዶ የተነገረው ሰው ሁሉ ይታመናል። ጠላትህ እንኳ መርዶህን አያወጣብህም፤ እሁድ ከተባለ እሁድ ድረስ አፉን ይዞ፣ እሁድ ከአንተ ጋር ያለቅሳል። እኛ የምንደብቀው በደንብ ለመንገር ነው። እነሱ የደበቁት በደንብ ለማሳየት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔ ድምፄን ከፍ የማደርግ ሰው አይደለሁም፤ ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ጩኸት ይጠግባል። ያን ማታ ግን ጮኽኩ። ፊት ለፊቴ የቆመው ማቀዝቀዣው ስለነበረ የጮኽኩት በእሱ ላይ ነው። «የአባት ሞት ምን ጊዜ ነው ጨዋታ የሆነው? ልጅቷን አቁመው? ብቻዋን? በማይክሮፎን?»

«ማለዳ እንንገራት» አለች ሹሩባ ሠሪዋ።

«ከነገርናት እንዴት ትዘፍናለች?» አለ ደምሴ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የገባነው። ሰው ሁሉ ከሀያትስቪል፣ ከታኮማ ፓርክ፣ አዳራሽ ተከራይቶ ሊያያት ተዘጋጅቷል። የሀገር ስም ነው ጋሽ ሽፈራው።»

«ደምሴ» አልኩት፣ «ሀገር ማለት ለቅሶ የሚደርስ ነው። ለቅሶ የማይደርስ ሀገር ስሙ ቢጠራ ምን ይሠራልኛል?»

ደምሴ ተነስቶ ጥቁር ኮቱን ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ከፈተ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሹሩባ ሠሪዋ መኪና ተነሳን፤ እሷ፣ አልማዝ፣ ደምሴና እኔ። ወንዙ ላይ ጉም ወርዷል። የእኛን ተራራ፣ ጣርማ በርን መሰለኝ፤ እዚያም በእንዲህ ያለ ጉም ውስጥ ስንት ቤት መርዶ ይዤ ሄጃለሁ። ያኔ ግን የሌላ ሰው መርዶ ነበር።

ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ተቀባዩ ክፍሏን አልነግርም አለ። ሹሩባ ሠሪዋ አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አሳየች፣ ፀጉር ልሠራ ነው አለች፣ አሳለፈን። ሊፍቱ በር ላይ ያ ካሜራ ያዡ ወጣት ቡና ይጠጣል። ጥቁር ልብሳችንን አየ። ገባው። ስልኩን አውጥቶ አለቃዋን ጠራት፤ እሷም ከዚያ ውስጥ ታወራለች።

«ምን ትላለች?»

ሹሩባ ሠሪዋ ለመተርጎም አፈረች። «ግማሽ ሰዓት ጠብቁኝ ትላለች። ልትነግሯት ከሆነ እሷም እንድትደርስ፤ ደግሞ... በመስኮቱ በኩል ብርሃኑ እስኪስተካከል።»

«ብርሃኑ እስኪስተካከል?»

«ለካሜራው።»

«በይልኝ» አልኳት፣ «መርዶ በማለዳ የሚነገረው ብርሃኑ ሳይስተካከል እንዲነገር ነው። ሰው ሲያለቅስ ፊቱ እንዳይታይ ነው። ይህን በይልኝ፣ አንድ ቃል አትቀንሺ።»

ተናገረችላት። ምን እንደመለሰች አላውቅም፤ ሊፍቱ መጣና ገባን። ወጣቱ ካሜራውን ተሸክሞ በደረጃ ቀደመን። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ቆሞ ይጠብቀናል። ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩና በሁለት እጄ ዘረጋሁት። አልማዝ ሳልጠይቃት አንዱን ጫፍ ያዘች። እንደዚያ መጋረጃ ሆነን በሩ ድረስ ሄድን። ወጣቱ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ካሜራውን ወደ መሬት አደረገ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ያዘዙትን የሚሠራ ልጅ ነው።

ፍሬ በሌሊት ልብሷ ከፈተች። «ትልቁ አባዬ? ምነው በጠዋቱ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ወደ አልማዝ ሄደ። አልማዝ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ነው።

«ማነው?»

«ቁጭ በዪ ልጄ።»

«ማነው?!»

«መጀመሪያ ቁጭ በዪ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጇን ያዝኩ። ስንት ሰው አርድቻለሁ፤ ቃሉን አውቀዋለሁ። አፌ ግን እምቢ አለኝ። ወንድሜ መሞቱን እስከዚያች ሰዓት በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ሹሩባ ሠሪዋ ከኋላዬ መጥታ እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች፤ ሕፃን እንደሚያስገሱት በቀስታ መታ መታ አደረገችኝ። ያን ጊዜ ወጣልኝ።

«አየለ አረፈ። ረቡዕ ነው ያረፈው።»

ልጅቷ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፍም። ዓለም እንዳይሰማው ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው።

ቆይታ «ረቡዕ እኮ ኢንተርቪው ላይ ስስቅ ነበር» አለች። ደጋግማ እሷን ብቻ አለች። ሹሩባ ሠሪዋ ከኋላዋ አልጋው ላይ ወጥታ ሐሙስ የሠራችውን ሹሩባ አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር፤ እየፈታች ታለቅሳለች። ደምሴ በሩን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ማንንም አላስገባም።

አለቃዋ ስትመጣ እኛ አልቅሰን ነበር። ቁመተ ረጅም፣ ደግ የምትመስል ሴት ናት። ማዘኗን ተናገረች። ከዚያ ፍሬ ትዘፍን እንደሆነ ጠየቀች።

ፍሬ እኔን አየችኝ። «ብትዘፍኚ አልቆጣሽም» አልኳት። «ዘፈኑ ያንቺ ነው። ሐዘኑ ግን የሁላችን ነው፤ እሱን አንሰጥም።»

ፊቷን ጠርጋ በእንግሊዝኛ አለቃዋን አናገረቻት፤ ሹሩባ ሠሪዋ ጆሮዬ ላይ ተረጎመችልኝ። እዘፍናለሁ ነው ያለችው። ፀጉሬ እንደዚሁ ተፈትቶ፣ በነጠላ፣ ግመሉ ተነስቶ እዘፍናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ፤ የአባቴን ስምም ሞቱንም ማንም በማይክሮፎን እንዳያነሳ።

አለቃዋ ብዙ ተናገረች። ሹሩባ ሠሪዋ አሳጠረችው፤ «ቃል መግባት አልችልም ትላለች። ተመልካቹ እውነቱን የማወቅ መብት አለው ትላለች።»

ሦስት ቀን እውነቱን ከልጅቷ የደበቀች ሴት!

ፍሬ ከአልጋው ወርዳ ሻንጣዋን መክተት ጀመረች። ደምሴን አየሁት፤ የሀገር ስም ይላል ብዬ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣላት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ወንበሮቹ ወጥተው ፍራሽ መሬት ተነጥፏል። ሊያያት አዳራሽ የተከራየው ሁሉ እንጀራና ወጡን ይዞ ለቅሶ መጣ። ደምሴ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነው። ሀገር ቤት ያለን መሰለኝ፤ የጎደለው ድንኳኑና የአህያው ጩኸት ብቻ ነው።

ምሽት ላይ ሰው ዝም ባለበት ሰዓት፣ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ መጣ። የፍሬ ድምፅ ነው። የሐሙሱን ልምምድ ቀድተውት ኖሯል፤ በኢትዮጵያ ተራ አወጡት። ስለ ውርጭ፣ ስለ ገብስ ማሳ፣ ስሟን እየጠራ ስለሚቀሰቅሳት አባት። ልጅቷ ፍራሹ ላይ ሆና የራሷን ድምፅ በግድግዳ ሰማች። ዘፈኑ አለቀና አንድ ወንድ በለሰለሰ ድምፅ ያወራ ጀመር፤ ከዚያ ጭብጨባ፣ ብዙ ጭብጨባ። ቋንቋውን ባላውቅም ምን እያለ እንደሆነ አወቅኩ። የአየለን ስም ሰማሁት፤ «አየል» ብሎ።

ደምሴ ሊያስቆም ተነሳ። ከመድረሱ በፊት ድምፁ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ ያቺ የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። ትልቅ ድስት በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሩዝና ባቄላ። የልጅቷን ፊት በቴሌቪዥኑ አይታ፣ ለቅሶው በግድግዳ ሲመጣ ሰምታ፣ ማን ቤት እንዳለች ገባት። ድስቱን አስቀምጣ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀመጠች። ያን ማታ ለኢትዮጵያ ከተሰጠው ድምፅ ሁሉ እኔ የምቆጥረው የእሷን ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንዱ ጎረምሳ ጆሮዬ ላይ «አባባ፣ አምስተኛ ወጣን እኮ!» አለኝ። ሳትወዳደር። በአባቷ ሞት። እዝን ይዞ የሚመጣ ሰው እጁን ታጥቦ ቁጭ ብሎ ያስተዛዝናል እንጂ ስንት እንጀራ እንዳመጣ ግድግዳ ላይ አይጻፍለትም። ልጁን አልተቆጣሁም፤ ደስታውን የሚያደርግበት ጠፍቶት ነው። «ለእሷ እንዳትነግራት» ብቻ አልኩት። እስከ ዛሬ የነገራት ካለ አላውቅም፤ ጠይቃም አታውቅም።

ሰኞ ፍሬን ይዤ ተመለስኩ። አልማዝ ስንቅ ቋጥራ፣ ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ሸኙን። አየር ማረፊያው አጠገብ ሄርንደን የምትባል ከተማ አለች፤ ሹሩባ ሠሪዋ እዚያ ነው የምትኖረው። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከውድድሩ ሥራ ቅዳሜ ጠዋቱኑ አሰናብተዋታል፤ «ፀጉር የሌለበት ሀገር አለ እንዴ አባባ፣ ሌላ አገኛለሁ» አለችኝ። ፍሬን አቅፋ ቆየች። ለእኔ ያንኑ የላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝ፤ ሽሮ ሞልታበት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወንበሯን የለቀቀችልኝ፣ ምሳዋን ያካፈለችኝ፣ ቃል ሲያንቀኝ ጀርባዬን መታ መታ ያደረገችኝ ሴት፤ አምስቱን ቀን «ልጄ» እያልኳት ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር። አፈርኩ። ጠየቅኳት።

ለአየለ የምነግረውን ሁሉ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ ነግሬዋለሁ፤ ዶሮዋን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውን። ስሟንም ነግሬዋለሁ። እናንተም በጸሎታችሁ እንድታነሷት እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የሺእመቤት ትባላለች።